አባባ ቶሎሳ እጅ ሲነሱ

እሑድ፣ ጥር 15 ቀን 1958 ዓ.ም.

ወደ ሐይቅ ለዋና የሚወርደው መኪና ዛሬም ንፋስ ስልክን ሞልቶት ዋለ። ለዋና ይህን ያህል መቸኮል ምን ይሉታል?

እጄን ዘርግቼ መኪኖቹን አስቆምኩና አባባ ቶሎሳን «ይለፉ» አልኳቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሁልጊዜ የማሻግራቸው ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። መሀል መንገድ ላይ እንደ ልማዳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

«ኧረ ይሂዱ፣ አባቴ!» ብዬ ጮህኩ።

«ታዲያ እጅ ሳልነሳህ ልለፍ፣ ልጄ?» አሉና ጎንበስ አሉ። የቆሙትን መኪኖች አልፎ የመጣ አንድ መኪና ገጫቸው። እዚያው አረፉ።

ለሚስታቸው ልነግር ላፍቶ ሄድኩ። የደንብ ልብሴን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጅ ነሡኝ።

«ባሌን የምታሻግርልኝ ልጅ አንተ ነህ? ግባ እንጂ!»

የባላቸውን ባርኔጣ ከጀርባዬ እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።