ሦስቱ ችካሎችና የአዴ ድንቅቱ ቤት

ጊንጪ፣ ቅዳሜ ግንቦት 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ የሠፈር መንገድ ማስፋፊያ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከልብ ስለማመስገን

ክቡር ጓድ ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎስ? ጂፑ ላይ ሲንገላቱ እየዋሉ ወገብዎ እንዳይጎዳ ሠፈሩ በሙሉ ይሰጋል። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ደጃፋችን ላይ አሥራ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው የመኪና መንገድ ሊወጣ ስለሆነ ደስታዬ ወሰን የለውም። ይህን ደብዳቤ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩትም ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ ስለከበደኝ ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለን ሐሳባችሁን በቁጥር ጻፉ እንባል ነበርና ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መኪናው። ኮሚቴው በጥር ወር ባወጣው ማሳሰቢያ ነዳጅ እንድንቆጥብ፣ እሑድ እሑድ መኪና እንዳንነዳ፣ በእግር መሄድም ለጤና እንደሚበጅ አስተምሮናል። ታዘናል፤ መኪና ስለሌለን መታዘዙ አልከበደንም። በሠፈራችን ያሉት የእርስዎ ጂፕና የኦቦ ሌታ ፒክአፕ ብቻ ናቸው፤ የኦቦ ሌታም እየተገፋች የምትሄድ ስለሆነች ከእግረኛ ብትቆጠር ይሻላል። እንግዲህ አሥራ ሁለቱ ሜትር በሙሉ የእርስዎ ነው፤ ይመችዎ። መንገድ ጠላች እንዳይሉኝ ደግሞ! ምጥ የያዛትን ሴት በክረምት ጭቃ በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደረሰ ሰው መንገድ አይጠላም፤ እኔም ከተሸካሚዎቹ አንዷ ነበርኩ።

ሁለተኛ፣ ስለ መታጠፊያው። መንገዱ ከዋናው የአምቦ መንገድ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይመጣና እኔ ቤት ሲደርስ ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶኝ፣ በአዴ ድንቅቱ ቤት መሐል ለመሐል ያልፋል። አዴ ድንቅቱ ባሏ የሞተባት፣ ዳቦ እየጋገረች በመሸጥ የምትኖር ጎረቤቴ ናት፤ ከዚያች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሌላ ምንም የላትም። መንገዱ እዚህ ላይ ለምን ይታጠፋል ብላ ብትጠይቅ መሐንዲስዎ «በጥናት ነው» አሏት። ጥናቱ እንዴት እንደተካሄደ እኔ ስለማውቅ ላስረዳ።

ለፋሲካ የገዛሁትን በግ፣ በጌሾዬ መሐል በተከላችሁት ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ላይ አሰርኩት። ነቀለው። ወደ ሁለተኛው አዛወርኩት፤ ያንንም። በሦስት ቀን ሦስት ችካል ነቀለ። በመጥረቢያ ጀርባ መልሼ ልተክላቸው ስነሳ፣ እጄ የጌሾዬንና የወጥ ቤቴን መስመር ትቶ ወደ አዴ ድንቅቱ አጥር ሄደ። እጄ አልኩ እንጂ እኔው ነኝ። ለራሴ የነገርኩት፣ የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ካርታ አላቸው፣ መጥተው ይስቁና ያስተካክሉታል ብዬ ነበር። መጡ። በእኔ ችካሎች ላይ ገመድ ወጠሩ፤ ለአዴ ድንቅቱም ማኅተም ያረፈበት የአፍርሺ ደብዳቤ ሰጧት። እኔ ጂኦሜትሪ ከክፍል ያስቀረችኝ ሴት ነኝ፤ እንዲህ ስትተማመኑብኝ ጊዜ እንባዬ መጣ።

ሦስተኛ፣ ስለ ባለፈው ረቡዕ። እኛ ሴቶች ሲንቄያችንን ይዘን የአዴ ድንቅቱን ቤት ሊያፈርስ በመጣው ግሬደር ፊት መቆማችንን ኮሚቴው «የኢኮኖሚ አሻጥር» ብሎታል። ለአገሩ እንግዳ ስለሆኑ አይፈረድብዎትም። ሲንቄ በሠርጋችን ቀን ከእናታችን የምንቀበላት ቀጭን በትር ናት፤ ሴት ስትበደል ይዘናት እንወጣለን፣ ወንድ የሆነ ሁሉ አልፎን አይሄድም። የግሬደሩ ነጂ ኦቦ ጉደታ ይህን ስለሚያውቅ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና «ይቺን በትር እናቴም አላት፣ አልረግጣትም» አለ። ክቡርነትዎ ግን ካርታው ላይ በትር የለም ብለው፣ ለሰኞ ጠዋት ከሌላ አገር ነጂ አዝዘዋል።

ያን ዕለት አዴ ድንቅቱ ክንዴን ይዛ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ከፊት ቁሚልኝ» አለችኝ። ቆምኩ። እናቴ የሰጠችኝን ሲንቄ ጨብጬ፣ እኔው ስለበደልኳት ሴት ከሁሉ በላይ ጮኽኩ። ድምፄም እስኪዘጋ ድረስ። ማምሻውን ለጉሮሮሽ ብላ ትኩስ ዳቦ ላከችልኝ። መደርደሪያው ላይ አለ፤ ደርቋል፤ አልቆረስኩትም።

ስለዚህ ኮሚቴው አሻጥረኛ ፍለጋ እንዳይደክም ስሜን ከነአባቴ ከታች ጽፌያለሁ። ልመናዬ አንዲት ናት፤ የአፍርሺ ደብዳቤው ይታረም። ድንቅቱ የሚለው ተሰርዞ ፀዳለ ይባል።

ጂፕዎን ጭቃ፣ ወገብዎን ጉድጓድ እንዳያገኘው አጥብቃ የምትመኝ፣ ለጥናትዎም ሦስት ችካል ያበረከተች አክባሪዎ፣

ፀዳለ ቱፋ

ግልባጭ፦
ለኦቦ ጉደታ፣ ሞተር ስላጠፋ
ለአዴ ድንቅቱ፤ ማንበብ ስለማትችል ነገ ከጸሎት ስትመለስ እኔው ራሴ አነብላታለሁ

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት ጌሾዬን ቆርጬ ሦስቱን ችካሎች ወደ ቀድሞ ጉድጓዳቸው መልሻቸዋለሁ። አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ብቀር ኮሚቴው እንደ በፊቱ ምንም ሳያስተውል ይከተላቸው ነበር። ይህን ሁሉ የጻፍኩት እርስዎ እንዲያውቁ አይደለም፤ እሷ እንድታውቅ ነው።