የእኔና የራሔል ተራ

ሰኞ፣ መስከረም 20 ቀን 1978

ዝውውሩ ተፈቀደልኝ! የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ አስካለ «የምሥራች» ብለው ደብዳቤውን ሲሰጡኝ «ምሥር ይብሉ» ማለት እንኳ ጠፋኝ። ከጥቅምት ወር ጀምሮ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት እሠራለሁ። ቀን ሥራ፣ ማታ ትምህርት። የሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ።

ስምንት ዓመት ጠብቄዋለሁ። የማትሪክ ነጥቤ ለነጻው ዩኒቨርሲቲ ትንሽ ጎድሎት ነበር፤ የማታው ክፍል ግን እየከፈልኩ ይቀበለኝ ነበር። ያን ዓመት አባባ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ወድቆባቸው እግራቸውን ተሰበሩ። ዓመት ሙሉ ቤት ዋሉ። እኔም በዐሥራ ስምንት ዓመቴ ታይፕ ተምሬ ሥራ ገባሁ። ማንም አላስገደደኝም። ማንም ደግሞ አልከለከለኝም።

እየሮጥኩ ቤት ስደርስ ታናሽ እህቴ ራሔል ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። የእሷም የማትሪክ ውጤት ዛሬ ነው የመጣው። ልክ እንደ እኔ፣ ትንሽ ጎደላት።

ደብዳቤዬን ከቦርሳዬ አላወጣሁም።

ማክሰኞ

ለእማማ ብቻ ነገርኳት። ሹራብ መሥሪያ ማሽኗ ላይ ነበረች። እጇን አቁማ ጉንጬን ሳመችኝና «ለአባትሽ እኔ እነግረዋለሁ» አለች።

አባባ እራት ላይ ደስ አላቸው። ድሮም ሐሳባችን ይኸው ነበር፦ ራሔል ነጥብ ካልመጣላት አዲስ አበባ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ትኖራለች፣ ሁለታችንም በማታው እንማራለን። ለዚህ ብለን ሦስት ዓመት ሙሉ ከአባባ ደመወዝ፣ ከእኔ ደመወዝ፣ ከእማማ ሹራብ እየቆነጠርን አስቀምጠናል። ራሔልም ከአልጋዋ ተነስታ በላች። «አብረን ስናጠና ግን እንዳታንኮራፊ» አለችኝ። ሳቅን።

ሐሙስ

የጓደኛዬ የሶስና ደብዳቤ ከአዲስ አበባ ደረሰ። ምዝገባውን ጠይቂልኝ ብያት ነበር። የማታው ክፍያ ዘንድሮ ጨምሯል። የመመዝገቢያው ለብቻ፣ የእያንዳንዱ ኮርስ ለብቻ። የቤት ኪራዩም እንዲሁ። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡትና ለእማማ አቀበሏት። ለሁለት ይበቃል ያልነው ለአንድ ሰው ነው የሚበቃው። ለአንድ ሰውም ተጨናንቆ።

እስኪመሽ ያልተባለ ነገር የለም፦

ማሽኑ ይሸጥ። (አባባ ናቸው ያሉት። እማማ «ከዚያስ ምን እንበላለን?» አለቻቸው።)

ራሔል እዚሁ መምህራን ማሠልጠኛ ትግባ። (ራሔል አለቀሰች።)

ሥጋ ይቅር። (በወር አንዴ የምንበላውን?)

እኔ ዓመት ልጠብቅ። ይህን ማንም በአፉ አላለውም። ግን አባባ ሲያዩኝ ቆይተው ዐይናቸውን ሰበሩ።

ቅዳሜ

ግማሽ ቀን ሠርቼ ወጣሁ። ጋሪ ትቼ በእግሬ ሄድኩ፣ ለማሰብ። በሐይቁ በኩል ዞሬ በእርሻ ኮሌጁ በር አለፍኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ሳልፍ ተማሪዎቹን ላለማየት ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየሁ ነው። ዛሬ ቆሜ አየኋቸው። አንዷ ልጅ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ከጓደኛዋ ጋር ትከራከራለች፤ ስለ ምን እንደሆነ አልሰማሁም። ምን ያህል ቀናሁባት! በዚህ ዕድሜዬ፣ ስለማላውቀው ነገር ከሰው ጋር መከራከር አማረኝ።

ቤት ገብቼ «ራሔል ትሂድ» አልኩ። «ሶስና ታስጠጋታለች፤ እኔ እዚሁ ኪራይ ሳልከፍል እየሠራሁ እልክላታለሁ። ዝውውሩን እመልሰዋለሁ።»

አባባ «እግዚአብሔር ይባርክሽ ልጄ» አሉ። ራሔል ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እማማ ክሯን ትጠቀልላለች።

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፈው፣ ሌላ የምናገርበት ቦታ የለኝም። ያን ስል አንድ ሰው «አይሆንም» እንዲለኝ እየጠበቅኩ ነበር።

እሑድ

ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ የምንጸልየው በየሰዉ ቤት ነው፤ ዛሬ ተራው ታቦር ተራራ ሥር የሚኖሩ የአንድ ነርስ ነበር። ስንመለስ እማማ ክንዴን ይዛ ወደ ኋላ አስቀረችኝ።

«አንቺ ነሽ የምትሄጂው» አለችኝ።

«እማማ፣ ጨርሰናል እኮ።»

«አባትሽና አንቺ ጨርሳችኋል። እኔን ማን ጠየቀኝ?» ቆመች። «እኔ ስሜን መጻፍ የተማርኩት ባለፈው በመሠረተ ትምህርት ነው። አርባ ዓመት አልፎኝ። ሲቆይ ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ። ፊደሉ ይገባሻል፤ ግን ልብሽ ደክሟል። ራሔል ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ፈተናውን በግል ደግማ ትወስዳለች። ብታለቅስም ታልቅስ። አንቺ ዘንድሮ ካልሄድሽ ግን አትሄጂም።»

መንገድ ላይ አለቀስኩ። ሰው ያየናል ብዬ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ የሚያየኝ ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር።

ማታ እማማ ለአባባና ለራሔል ራሷ ነገረቻቸው። አባባ «ልክ ነሽ» አሉ። ራሔል ሳህኗን አስቀምጣ ወጣች።

ረቡዕ

ራሔል አታናግረኝም። ሦስት ቀኗ። አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው፤ ጀርባዋን ትሰጠኛለች። ጠዋት ማበጠሪያውን ስጠይቃት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ፣ በእጄ አልሰጠችኝም።

ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ ሄጄ ሁለት ሰዓት ተሰለፍኩ። ጸሐፊው «ጓዲት ለምን ጉዳይ ነው የምትሄጂው?» አለኝ። «ለሥራ» ማለት ይበቃኝ ነበር፤ ደብዳቤው ያን ነው የሚለው። እኔ ግን «ልማር» አልኩ። አፌ ውስጥ ጣፈጠኝ። ወዲያው ራሔል ትዝ አለችኝና አፈርኩ።

ዝውውሩን ልመልሰው ይሆን? ዛሬ አራት ጊዜ አስቤዋለሁ። አንዱንም ጊዜ ከልቤ አልነበረም። ይህን ማወቄ ነው የሚከብደኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 1

ነገ ጠዋት በዐሥራ ሁለት ሰዓት አውቶቡስ። ሻንጣዬን አባባ በገመድ አሰሩልኝ። እማማ አረንጓዴ ሹራብ ሠርታልኛለች፣ አዲስ አበባ ይበርዳል ብላ።

ከሥራ ስወጣ ራሔል በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ሳንነጋገር እስከ ሐይቁ ሄድን። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን እየጎተቱ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ደስ ብሎኛል ብዬ አልዋሽሽም» አለች።

«አትዋሺኝ።»

«እማማን ጠልቻት ነበር። አንቺንም። አንቺን አሁንም ትንሽ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «በግል ተመዝግቤያለሁ፤ ትናንት። ሒሳቡ ነው የጣለኝ። በደብዳቤ ታስረጂኛለሽ?»

«በየሳምንቱ።»

«ከዚያ የሚሆነውን ደግሞ እናያለን። ነጥብ ከመጣልኝ በነጻ እገባለሁ። ካልመጣልኝ...» አልጨረሰችውም። ወደ እኔ ዞረች። «ጀምረሽ ከተውሽው ግን መቼም ይቅር አልልሽም። ሰማሽ? ታመምኩ፣ ደከመኝ፣ ራሔል አሳዘነችኝ ብለሽ እንዳትመጪ።»

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

ተቃቅፈን አልተላቀስንም። ስንመለስ ግን ዳገቱ ላይ ክንዴን ያዘች።

አሁን ከጎኔ ተኝታለች፤ ዛሬ ፊቷ ወደ እኔ ነው። ትምህርቱ ይከብደኝ እንደሆን አላውቅም። ክፍያው ከርሞ እንደገና ቢጨምር ምን እንደምንሆን አላውቅም። የእሷ ተራ መቼ እንደሚደርስ አላውቅም። ፈርቻለሁ። መሄድ ግን እፈልጋለሁ፤ እንዲህ አድርጌ ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም።