ትሪ የለየሁብሽ ዓመት

የሺ፣ ብዕሩን የያዘው በልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ጎረቤታችን ተስፋዬ ነው። እኔ ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ። ገና አፌን ሳልከፍት «ጉዳዩ» ብሎ ከላይ አሰመረበት። አሰረዝኩት። ከሚስቴ ጋር ክስ የለኝም፤ ካለም ተከሳሹ እኔ ነኝ።

በሞት ከተለየሽኝ ስድስት ወር ሞላ። ልጃችን አልማዝ መድኃኒትሽን ሁሉ ጠርጋ ወሰደች፤ ትራስሽን ግን አላስነካሁም። ቤቱ ንጹሕ ነው። ንጽሕናው ያስጠላል።

በሽታሽ በእጅሽ መንቀጥቀጥ የጀመረ ይመስለኝ ነበር። ሐኪሙ ግን እጅሽን አየት አድርጎ፣ ማሽተት ካቆምሽ ስንት ጊዜሽ እንደሆነ ጠየቀ። ሆድሽ መድረቁን ጠየቀ፣ በእንቅልፍሽ መራገጥሽን፣ ነገር ሁሉ እያስጠላሽ መምጣቱን። ፓርኪንሰን ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድሞ እንዲህ ሊጀምር ይችላል አለ። ሁሉንም አውቀው ነበር፤ በሽታ መሆኑን ነው ያላወቅሁት። አብነት ገበያ ቅቤ ስትሸጪ በአፍንጫ የሚደርስብሽ አልነበረም። በኋላ ለጋውን ከከረመው መለየት አቅቶሽ ደንበኛ ቅቤሽን ሲመልስብሽ፣ እኔ ዝንጉ ሆንሽ ብዬ ሰደብኩሽ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የእህቴ ለቅሶ ነው። አልማዝን ስትወልጂ ያረሰችሽ እሷ ነበረች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ደረቱን ሲመታ፣ አንቺ ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለሽ መሬት መሬት ታያለሽ። አንዲት የእንባ ጠብታ ከዓይንሽ አልወጣችም። እድርተኛው ሁሉ አየሽ፤ እኔም ሲያዩሽ አየሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትሪ ለየሁብሽ። ዕድሜ ልካችንን ከአንድ ትሪ በልተን፣ አንድ ዓመት ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼሽ ለብቻዬ በላሁ። ለምን ብለሽ እንኳ አልጠየቅሽኝም። እሱም ንቀት መሰለኝ። በሽታው የሰውን ደስታውንም ሐዘኑንም ሊያደነዝዘው እንደሚችል ሐኪሙ ሲነግረኝ፣ አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር። ቀና ብዬ አላየሁሽም። ቤት ስንገባ ወደ ትሪሽ ቀረብኩና አጎረስኩሽ። ይቅርታ ግን አላልኩም። ጉርሻው ይበቃል ብዬ ነው። አልበቃም።

በመጨረሻው ዓመት የሌለ ሰው ታዪ ጀመርሽ። እህቴ በሩ ሥር ተቀምጣ ትታይሽ ነበር። ከትሪው ጥግ እንጀራ ቆርሰሽ «እትዬ ይብሉ» ትያት ነበር። እኔ ማንም የለም፣ አርፈሽ ብዪ ብዬ ተቆጣሁሽ። ያላለቀስሽላትን ሴት ከአፍሽ ነጥለሽ ስታበዪ እያየሁ እንኳ፣ ያቺ አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም።

አሁን ማንን ልለምን? የንስሐ አባቴ እግዜር ይቅር ይልሃል አሉኝ። ይበለኝ። እኔ የፈለግሁት ግን ካንቺ አፍ ነበር፤ እሱ ቀርቷል። አልማዝ ምግብ ይዛ ትመጣለች፤ አይወርድልኝም። አንድ ነገር ቃል እገባልሻለሁ፤ ነፍሴ እስክትወጣ ድረስ ያቺን ለእህቴ ያስቀረሻትን ቁራሽ አልረሳም።

የሺ፣ ይቅር በይኝ።

በል ተስፋዬ፣ ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ፤ እንዳታሳምረው። «ይቅር በይኝ» ያልኩበት ላይ ስትደርስ ቁምና በጣትህ አሳየኝ። ምን እንደሚመስል ልየው።