የፋሂም ስንቅ

ጅማ፣ ጊንጆ
ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ ለፋሪዳ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ይህን ለሐጅ በምትመጣው በጎረቤታችን በሩፈይዳ እጅ የላክሁልሽ በስልክ የሚነገር ስላልሆነብኝ ነው። ባለፈው ወንድምሽን ፋሂምን «አላህ ይማረው» ስትዪ ጆሮሽ ላይ ስለዘጋሁት አትቀየሚኝ። በሕይወት ላለ ሰው እንዲህ አይባልም ብዬ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ ሙሉእመቤት ቤት ተሰብስበን ነበር፣ በደርግ ጊዜ ልጆቻችን የጠፉብን እናቶች። በየዓመቱ ፎቷቸውን ይዘን ከቢሮ ቢሮ እንደምንዞር ታውቂያለሽ። እነሱ «አፅማቸውን አሳዩን» ይላሉ፤ እኔ ብቻ «ልጄን መልሱልኝ» እላለሁ። ሙሉእመቤትን ያኔውኑ የእስር ቤቱ ጠባቂዎች «ሁለተኛ ስንቅ እንዳታመጪ» ብለው የልጇን የዳባን ልብስ አስታቀፏት፤ ቁርጧን አወቀች። የእኔን ስንቅ ግን ክረምት እስኪገባ ተቀበሉኝ፣ ከዚያ «ተዛውሯል» አሉኝ። የተዛወረ ሰው ይመለሳል ብዬ ይኸው አለሁ።

ስለ እኛ ሰምቶ አብሳሎም የሚባል የሸቤ ቡና ነጋዴ መጣ። ከፋሂም ጋር ታስሮ ነበር። እግሬ ላይ ወደቀ።

«እማማ ጠይባ፣ ፋሂምን ገና እንደገባ ነው የወሰዱት፤ አልተመለሰም። ስንቅዎ ሲመጣ ስሙን ይጠራሉ። እኔ ጠያቂ የለኝም፣ አቤት እያልኩ ተቀበልኩ። የእስላም ሥጋ መብላቴን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። የማን ድርሻ እንደነበር ግን ለማንም አልተናገርኩም» አለኝ።

ልምታው ወይስ ልቀፈው፣ ጠፋኝ። «ጨው ነበረው?» አልኩት። አሁን ይህ ይጠየቃል? «የቆጭቆጫው ቃሪያ ያስለቅሰኝ ነበር» አለኝ።

ፋሂም እኮ ጮማ ለቅሞ የሚጥል ልጅ ነው! ምሳ ዕቃው ተጠርጎ ሲመለስልኝ፣ እስር ቤት መብላት አስተማረው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ንድድ ይለኛል። መለስ ብዬ ደግሞ፣ እጄ የሰው ልጅ አትርፏል እላለሁ። ከዚያ እንደገና እናደዳለሁ። ኢማሙ ጁምዓ ላይ አስከሬኑ ለሌለ ሟች የሚሰገደውን ሰላት እናሰግድለት አሉኝ። ሰኞ ይለፍ አልኳቸው።

ሰኞ ቢሮ እንሄዳለን። ፎቶውን ይዤ ቆሜ ምን ብዬ ልጠይቅ፣ ፋሪዳዬ? አብሳሎም አብሮን ይሄዳል። ምሳ ሠርቼ እይዝለታለሁ ብያለሁ፣ ለምን እንዳልኩ እንጃ።

ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ ትዳርሽን ያጽናልሽ።

ወንድምሽንም አላህ ይማረው።

እናትሽ ጠይባ