ሐሙስን ስላልጠበቀው የአባቴ ጉልበት

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይ ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተልኝ? የሚያብጥ የሚያቃጥል ከሆነ አደራ፣ ረቡዕ ይጀምርዎት፤ ለሐሙስ ይደርሳሉ።

እኔ የሴራሚክ ሠራተኛው ልጅ ነኝ። ትምህርቴን ከአስረኛ ክፍል ስላቋረጥኩ አጻጻፌ ቅር ካሰኘዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጫለሁ፤ ቁጥር አልጠፋብኝም።

1. ሰኞ ጠዋት አባቴ ጉልበቱ ቀልቶና ተወጥሮ፣ እንደ ካውያ እያቃጠለ፣ በትኩሳት ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ በእኔና በጎረቤታችን ባለታክሲ ትከሻ ተንጠልጥሎ ሲመጣ፣ የካርድ ክፍሏ እመቤት ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት «ጉልበት ሐሙስ ነው» ብለው ስለሸኙን ከልብ እናመሰግናለን። ትኩሳቱስ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ትኩሳት በየቀኑ የሚታይ ቢሆንም ጉልበት ያለበት ትኩሳት ግን ወደ ጉልበት እንደሚመደብ በትዕግሥት አስረድተውኛል።

2. ሳንጠይቃቸው የለገሱን ምክርም አይረሳም፦ «የዕድሜ ነው፣ በቅባት እሹት።» አባቴ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። አሸነው። ጩኸቱ ሦስተኛ ቤት ድረስ ተሰማ።

3. ማክሰኞና ረቡዕ። በእነዚህ ቀናት ላይ ቅሬታ የለኝም፤ የሚወቀስ ሰው አላገኘሁም።

4. ሐሙስ ወጣቷ ዶክተር ገና ሲያዩት ደነገጡ። በመርፌ ከመገጣጠሚያው ውስጥ የቀዱት መግል ነበር፤ ለካ የሴራሚክ ስባሪ በወጋው በኩል ባክቴሪያ ገብቶ ኖሯል። የዚያኑ ዕለት ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ መገጣጠሚያው ታጠበ፤ ሁለት ሳምንት በደም ሥር፣ አራት ሳምንት ደግሞ በኪኒን መድኃኒት ወሰደ። ነፍሱ ተርፋለች። ጉልበቱ ግን አይታጠፍም። ዶክተሯ «እንዲህ ያለ ጉልበት በሰዓታት ውስጥ ነው የሚበላሸው፣ ምናለ ሰኞ ብትመጡ» አሉኝ። ሰኞ መጥተን ነበር አልኳቸው።

የማይታጠፍ ጉልበት ለእርስዎ ብዙም ላይከብድ ይችላል፤ ወንበርዎ ይሽከረከራል። ሴራሚክ ግን የሚነጠፈው ተንበርክኮ ነው። ሰኞ ዕለት በአንድ እግሩ የቆመበትን ኮሪደር፣ ከካርድ ክፍሉ መስኮት እስከ ቢሮዎ በር ድረስ፣ ያነጠፈው እሱ ነው፤ በእነዚያው ጉልበቶቹ።

ስለዚህ ሥራ ካልበዛብዎ፣ መስኮቱ ላይ የተለጠፈችውን «ጉልበት፦ ሐሙስ» የምትል ወረቀት ይቅደዱልኝ። አብጦ የሚያቃጥል መገጣጠሚያ ይዞ ከነትኩሳቱ የመጣ ሰው የመጣ ዕለት ይታይ። ለመቅደድ ስብሰባ አያስፈልግም፤ ሁለት ጣት ይበቃል።

በሰባቱም ቀናት ጤና እንዲሆኑ ከአክብሮት ጋር እየተመኘሁ፣ ንዴቴን እንደምንም ውጬ እሰናበትዎታለሁ፤

የሴራሚክ ሠራተኛው ሴት ልጅ

እንዳልረሳው፦ ቢሮዎ በር ላይ ሁለት ሴራሚክ ስለተነሣ አባቴ ዛሬውኑ መጥቶ እንዲጠግንልዎ የላኩት መልእክት ደርሶናል። አያስቡ፣ ከእንግዲህ የምንበረከከው እኔ ነኝ። የበር ሥራ ግን ሐሙስ ነው። እስከዚያ እየዘለሉ ይግቡ፤ ጉልበትዎን ብቻ አደራ።