ለስላሳው አፈር

ሰኞ፣ ግንቦት 4
ቆሻሻችንን ራሳችን መያዝ ከጀመርን ሦስት ወር ሞላን። የማዘጋጃ ቤት መኪና ይህን ዳገት አይወጣም። ድሮ ገደሉ ውስጥ ነበር የምንጥለው፤ ዝናብ ሲመጣ ታች ሰፈር ደጃፍ ድረስ ይወርድባቸው ነበር። አሁን ግን...
ፕላስቲክ፦ ታጥቦ መጋዘን።
ጠርሙስና ቆርቆሮ፦ ለቆራሌው።
የምግብ ትራፊ፦ ብስባሽ።
የማይረባው ሁሉ (ዳይፐር፣ ያለቀ ባትሪ)፦ ጉድጓድ።
የጉድጓዱን ቦታ የመረጥኩት እኔ፣ የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ነኝ። ተራራው ሁሉ ድንጋይ፣ እዚያ ብቻ አፈሩ ቅቤ። በሁለት ቀን ቆፍረን ጨረስን። ምክትሌ አናጢው "እግዜር ግማሹን ቆፍሮ ጠብቆናል" አለ። ኮራሁ። ለምን አልኮራ?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9
አማቴ ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ከግቢ አይወጡም። ዛሬ እኔና ልጄ ደግፈን ወሰድናቸው፣ ሥራዬን ላሳያቸው ብዬ። ጎንበስ ብለው ጉድጓዱን አዩ። ከዚያ...
"የኔ ልጅ፣ ምንጩ ላይ ነው እንዴ የቆፈራችሁት?"
"የቱ ምንጭ እማማ?"
"በበጋ ይተኛል፣ በክረምት ይነሳል። በልጅነቴ ከዚህ ነበር የምንቀዳው። አፈሩ የለሰለሰው ለምን መሰለህ?"
እኛ አብዛኞቻችን ከሌላ ቦታ የመጣን ነን። ክረምት ቦታው ሲረሰርስ ጎርፍ ነው እንል ነበር። ውሃው ወደ ታች ሰፈር ነው የሚሰርገው። የልጄ ትምህርት ቤት ቧንቧ የሚቀዳው ከዚያ ነው።
"አባዬ፣ ባትሪውም እዚህ ውስጥ ነው?" አለችኝ።
ነው።

እሁድ፣ ግንቦት 10
ያሉኝ መንገዶች፦
1. ዝም ማለት። አማቴ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ተሳስተው ይሆናል።
2. ለሰፈሩ መናገር።
ሚስቴ ጭልፋ እንደያዘች ከኋላዬ አነበበችው።
"አንደኛውን ለምን ጻፍከው?"
"ዝርዝሩ እንዲሞላ..."
"እንግዲህ ሰርዘው።"
ሰረዝኩት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12
ስብሰባ። ቆሜ ተናገርኩ። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ፣ ሌላ ሊቀመንበር ምረጡ አልኩ።
ቆሻሻውን በጆንያ የምታመላልሰው ልብስ ሰፊዋ "ሦስት ወር የሌላ ሰው ልጅ ዳይፐር የተሸከምኩት ለዚህ ነው?" አለች። ልክ ናት።
አናጢው ተነሳ። "እግዜር ቆፈረ ያልኩት እኔ፣ የሚወርደው እሱ? ያበላሸ ያስተካክላል እንጂ ወንበር ጥሎ ይሄዳል? አርፈህ ተቀመጥ ወንድሜ። ነገ አካፋ ትይዛለህ።"
ሳቁ። እኔም... ትንሽ።
ክረምቱ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቢቀረው ነው። ይበቃል። ሊበቃ ይገባል።

ሰኞ፣ ግንቦት 25
ጨረስን። አዲሱ ጉድጓድ ከጉብታው ወዲያ፣ ድንጋይ ውስጥ። አሥራ ሁለት ቀን፣ ሁለት የተሰበረ ዶማ፣ የኔ ወገብ። ከአሮጌው ቆሻሻውን በሙሉ አወጣን፤ የሥሩንም አፈር ክንድ ያህል ጠረግን። ባትሪ ከእንግዲህ ለብቻው፣ ክዳን ባለው በርሜል።
ልብስ ሰፊዋ ዛሬ ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ተመላለሰች። ጆንያዋን አራግፋ፣ "ሁለተኛ ለስላሳ ነገር እንዳታሳየን" አለችኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18
ሦስት ቀን ዘነበ። አሮጌው ጉድጓድ ከሥሩ ውሃ አፈለቀ። ጉልበቴ ድረስ። ለአማቴ ነገርኳቸው።
"ተነሳ?"
"ተነሳ እማማ።"
"ታዲያ ምን ያድርግ፣ የድሮ ዘመዱን፣ እኔን ሊጠይቅ ነው" ብለው ፈገግታቸውን ሊደብቁ ፊታቸውን አዞሩ። ደስ ብሏቸዋል።
ባትሪው እዚያ ቢሆን ኖሮ... ይቅር፣ አላስበውም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9
ከማዶው ተራራ አራት ሰዎች መጡ። እነሱም ቆሻሻቸውን ራሳቸው ሊይዙ ነው። "ከምን እንጀምር?" አሉ። አሥራ አራት ነጥብ ጽፌ ጠብቄያቸው ነበር። ኪሴ ውስጥ ተውኩት።
"በሰፈራችሁ በዕድሜ ትልቁ ማነው?" አልኩ።
ተያዩ። "አንዲት አሮጊት አሉ። ግን አይራመዱም።"
"ተሸክማችሁ ተራራውን አዙሯቸው። ዶማ ከዚያ በኋላ።"