ከእባብ ይጠብቃት ብለሽ የላክሽው

ለውድ እናቴ ለአሰፋች፣

የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ጭልጋ ድረስ ይድረስሽ። እንዴት ነሽ እማ? ወገብሽን ተሻለሽ? ክረምቱስ እንዴት አለፈ? እኛ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ግን አልልሽም። ስልኩ እንቢ ስላለኝ ይህን በሾፌሩ በሓይሉ እጅ ልኬልሻለሁ።

እማ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ልጄ ውባየሁ እግሯን መጎተት ከጀመረች ሰነበተች። የግራ ጫማዋ እየወለቀ ይቀራል፤ ጣቶቿ መሬት እየጫሩ ትደናቀፋለች። ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነበርንና ደክሟት ነው አልን፤ ቀጥሎ ዓይን በልቷት ነው አልን። ባለቤቴ ታከለማ ያንን ከእባብ ይጠብቃት ብለሽ በቆዳ ሰፍተሽ የላክሽውን ሥር ላልቶ ይሆናል ብሎ እዚያው ከግራ ጉልበቷ በታች እንደታሰረ እንደገና ጠበቅ አደረገው። እኔም እሰየው አልሁ።

ሲብስባት እዚህ ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ይዘናት ሐኪም ቤት ሄድን። ዶክተር አኑዋር እናቱ የመተማ ሰው ስለሆነች አማርኛ ይችላል። እግርሽን ወደ ላይ አንሺ ቢላት ከቁርጭምጭሚቷ ተንጠልጥሎ ቀረ። ማሰሪያው ያለበትን ቦታ በጣቱ መታ መታ ሲያደርገው እስከ አውራ ጣቷ ነዘራትና ጮኸች። መቀስ ሲያነሣ እጁን ያዝሁት፤ እባብ ይነድፍብኛል ብዬ! አልተቆጣኝም። እግር የሚያነሣው ነርቭ እዚያ ጋ ከላዩ ቆዳ ብቻ ነው ያለው፤ ማሰሪያው በዝናብ ርሶ ሲደርቅ ተኮማትሯል፣ ልጅቷም አድጋለች፣ ነርቩን አንቆታል አለኝ። ሲቆርጠው ሰንበሩን አየሁት። ሳጥባት ስንቴ አይቼው ነበር እኮ!

አሁን እግሯን ደግፎ የሚይዝ ፕላስቲክ አድርጎላታል፤ ጠዋት ማታ እኔ አንቀሳቅስላታለሁ። ነርቭ ሲያገግም ቀስ ብሎ ነው አሉ። በጥቂት ወራት ካልተመለሰላት ለቀዶ ጥገና ወደ ከሰላ ከተማ ትሄዳለች። ትናንት አውራ ጣቷን ያነቃነቀች መሰለኝ፤ ታከለ ግን አላየሁም አለ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ከእግሯ ላይ አልነቀልሁም።

አንቺን አልወቅስም እማ። ወደሽ ሰፋሽው፣ ወደን አሰርነው። ነገር ግን መቀሱ ሲነሣ ፊቴ ላይ ድቅን ያለው የወንድሜ የካሣ ልጅ ብርሁ ነው። የሱንም ያን ጊዜ አብረሽ ነበር የሰፋሽው።

የወንድሜን ሚስት፣ ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሰላም በይልኝ። ወንድሜ ካሣ፣ ለእማ የምታነብላት አንተ ነህና እዚህ ላይ አቁም። ቢላዋ አምጣና ብርሁን ጥራው። ማሰሪያውን ከቆረጥህለት በኋላ እግርህን ወደ ላይ አንሣ በለው፤ ካነሣው ሳምልኝ።

ልጅሽ ዕፀገነት
ገዳሪፍ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.